ግሪኔል፣ ካርልተን ወይስ ማካሌስተር? ትንሽ ኮሌጅ ለሚመርጥ ልጅና ለቤተሰቡ

ባለፈው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ሦስት ኮሌጆች ተቀብለዋታል፤ ግሪኔል፣ ካርልተንና ማካሌስተር። ሦስቱም አሜሪካ መሀል አገር ያሉ ትናንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች ናቸው። የሰጧት የገንዘብ ድጋፍም ተቀራራቢ ነው። "የቱ ይሻለኛል?" አለችኝ። አባቷ ከኋላዋ ሆነው "ደረጃቸው ስንተኛ እንደሆነ ጠይቂው እንጂ" ይላሉ።

"ደረጃውን ለጊዜው እንተወው" አልኳት። "ጥር ላይ ነው እንበል። ቅዳሜ ከሰዓት። ውጭው በረዶ ነው። ምን ስታደርጊ ይታይሻል? ከማን ጋር ነሽ? ምን በላሽ?"

ዝም አለች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን እኔም ትንሽ ኮሌጅ ነው የተማርኩት፤ አራቱ ዓመት ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በዚህ ቅዳሜ እንደሆነ አይቻለሁ። ሦስቱ ኮሌጆች በትምህርት ጥራት ብዙም አይበላለጡም። ኑሯቸው ግን በጣም ይለያያል።

እኛ አገር ግቢ የሚመርጥልን ምደባ ነው። ልጅ ማትሪክ ይፈተናል፣ ፎርም ይሞላል፣ ከዚያ ይጠብቃል። "ጅማ ደረሰኝ"፣ "ጎንደር ደረሰኝ" ነው የምንለው። ስለዚህ ምርጫው እጃችን ላይ ሲወድቅ ከየት እንደምንጀምር ግራ ይገባናል። የምናውቀው መለኪያ ስም ብቻ ነው። እዚህ አሜሪካ ልጅ ያሳደጉ ሐበሾች ቤትም ነገሩ ያው ነው።

"ሥዕል ልትማር ነው እንዴ?"

የአክስቴ ባል የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይሄ ነበር። ሊበራል አርትስ ሲባል ብዙ ወላጅ ሥዕልና ቲያትር ይመስለዋል። አይደለም። ባዮሎጂ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ አለ፣ ኢኮኖሚክስ አለ። ሥዕልም ቲያትርም አለ። ልጁ መጀመሪያ ከየዘርፉ ይቀምሳል፣ ሁለተኛ ዓመቱ ማለቂያ ገደማ ሜጀሩን፣ ማለትም ዋና የትምህርት ዘርፉን፣ ይመርጣል። የኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1950 ሲጀመር ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ከካናዳ የመጡት ጀስዊቱ ሉሲየን ማት ነበሩ የሚመሩት።

ትልቁ ልዩነት መጠኑ ነው። ግሪኔል 1,700 ገደማ ተማሪ አለው። ካርልተንና ማካሌስተር እያንዳንዳቸው ወደ 2,000 ገደማ ናቸው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ግን ከ50,000 በላይ ተማሪ ያስተምራል። ደግሞ እነዚህ ኮሌጆች የፒኤችዲ ተማሪ የላቸውም። ይሄ ለኑሮው ብዙ ትርጉም አለው። ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ረዳት ሲፈልግ የሚጠራው የሁለተኛ ዓመቱን ልጅ ነው።

እዚያ መደበቂያ የለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ አያቴ አረፉ። ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ክላስ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን የታሪክ መምህሬ ኢሜይል ላከችልኝ። "ወንበርህ ባዶ ነበር፤ ደህና ነህ?" የሚል ብቻ ነበር። ቢሮዋ ሄጄ አለቀስኩ። ሦስት መቶ ሰው የሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ብማር ኖሮ መቅረቴን ማን ያውቅ ነበር?

ይሄው መታየት ሌላ ጊዜ ያስጨንቃል። ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ተጣልቼ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ካፌ ውስጥ ተያይተናል። ሌላ ካፌ የለማ። ወሬ ከቁርስ እስከ ምሳ ግቢውን ያዳርሳል። ብቻውን መሆን፣ ሳይታወቅ መኖር የሚፈልግ ልጅ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይሻለዋል። ያ ጉድለት አይደለም፣ ጠባይ ነው።

ኢንጂነሪንግ የቆረጠ ልጅም ከሦስቱ አንዱም ጋ አያገኘውም። ኢንጂነሪንግ ያላቸው ትናንሽ ኮሌጆች አሉ፤ ስዋርዝሞር፣ ላፋዬትና የሴቶቹ ኮሌጅ ስሚዝ ይጠቀሳሉ። ነርሲንግ የምትፈልግ ደግሞ ከካርልተን ጋር አንድ ከተማ ያለውን ሴንት ኦላፍን ትይ።

ከተማው ይቅደም

ኮሌጆቹን ሳወዳድር መጀመሪያ የማየው ካርታ ነው።

ግሪኔል አዮዋ ውስጥ ነው። ከተማው ከ10,000 ሰው አይሞላም። ዙሪያው የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ነው። በዋናው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ዴ ሞይን፣ ወደ ምሥራቅ አዮዋ ሲቲ አለ፤ ሁለቱም በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናቸው። ግቢውን አቋርጦ የጭነት ባቡር ያልፋል። ሌሊት ጡሩምባው ይሰማል።

እንዲህ ያለ ቦታ ልጅ ቅዳሜና እሑድ የትም አይሄድም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ግቢ ውስጥ ይመጣል። ኮንሰርቱም፣ ፊልሙም፣ ጭፈራውም እዚያው ነው። ጓደኝነቱ እንደ ሰፈር ልጅ ይሆናል። የሚያበስለው ያበስላል፣ ጊታር የሚመታው ይመታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ወሬ ነው። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ግን እንጀራ ሲያምር፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም ሲናፍቅ፣ መኪና ያለው ሰው መለመን ግድ ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ጩኸት ውስጥ ላደገ ልጅ የመጀመሪያው ወር ዝምታው ይከብዳል። አንዳንዱ ይለምደዋል፣ ይወደዋልም። አንዳንዱ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትራንስፈር ይጠይቃል።

ካርልተን መሀል ላይ ነው። ኖርዝፊልድ የምትባል የሚኒሶታ ከተማ ውስጥ ይገኛል። 20,000 ገደማ ሰው ይኖርባታል። የከተማዋ መፈክር "ላሞች፣ ኮሌጆችና እርካታ" ነው፤ ከተማዋን ያየ ሰው መፈክሩ እውነት መሆኑን ይመሰክራል። በወንዙ ማዶ ሴንት ኦላፍ ስላለ ከተማዋ የሁለት ኮሌጅ ወጣት ይርመሰመስባታል። ሚኒያፖሊስ በመኪና 45 ደቂቃ ያህል ነው። ከግቢው ጋር የተያያዘ ከ300 ሔክታር በላይ ጫካና ሜዳ አለ፤ ልጆቹ ይሮጡበታል፣ በብርዱ ወራት በበረዶ ሸርተቴ ይሄዱበታል።

ካርልተን ውስጥ በጣም የምወደው አንድ ቤት ነው። ዴሲ ሞዝስ የተባሉ ሴት የኖሩበት ቤት ነው። እሳቸው ካለፉ በኋላም በሩ ለተማሪ ክፍት ነው። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ቅቤው ተቀምጧል። ማንም ተማሪ ገብቶ ኩኪስ ይጋግራል፣ በልቶ አጥቦ ይወጣል። ገንዘብ አይጠየቅም። ለኛ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። እናቱ ቤት ቡና ሲፈላ ያደገ ልጅ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ቤት ይፈልጋል።

ማካሌስተር ከተማ ውስጥ ነው፣ ሴንት ፖል። ከግቢው በር ወጥቶ አውቶቡስ መያዝ ይቻላል። አውሮፕላን ማረፊያው በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ሚኒሶታ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ብዙ ኦሮሞዎች፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች የሚኖሩባት ስቴት ናት። የእንጀራ ቤት አለ። የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የፕሮቴስታንት ጉባኤ አለ፣ መስጊድ አለ። ጸጉር የሚሠራልሽ ሰው አለ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት ልጅ ጸጉሯን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ በየወሩ ሁለት ሰዓት መንገድ ስትሄድ አይቻለሁ።

ከተማ ግን የሚወስደውም ነገር አለ። ማካሌስተር ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ መኖር ያስገድዳል፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ አካባቢው ላይ ቤት ተከራይተው ይወጣሉ። ቅዳሜ ማታ ግማሹ ሰው ከተማ ነው። ግቢው እንደ ግሪኔል አንድ ቤት አይሆንም። ካርልተንና ግሪኔል አብዛኛው ተማሪ አራቱንም ዓመት እዚያው ነው የሚኖረው።

ከሐበሻ ወላጆች ጋር ብዙም የማይነሳ ነገር ላንሳ። ልጃችሁ እዚህ ሲመጣ ጥቁር ነው። አዲስ አበባ ሳለ ስለ ቆዳው አስቦ ላያውቅ ይችላል። ነጭ የበዛበት የገጠር ከተማ ውስጥ ሱቅ ሲገባ ሰው ዞር ብሎ ሊያየው ይችላል። ግቢው ውስጥ ይቀበሉታል፣ ከግቢው ውጭ ያለው ሌላ ነው። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ጥቁር ተማሪዎችንና አፍሪካውያን ተማሪዎችን በቀጥታ አነጋግሩ። አድሚሽን ቢሮው ያገናኛችኋል። "ከተማው ውስጥ እንዴት ያደርጓችኋል?" ብላችሁ ጠይቁ። በመጠየቃችሁ አይቀየሟችሁም።

አስር ሳምንት

ካላንደር ማንም አያይም። እኔ ግን ከከተማው ቀጥሎ የማየው እሱን ነው።

ግሪኔልና ማካሌስተር በሴሚስተር ነው የሚሄዱት። አብዛኛው ጊዜ አራት ኮርስ ይወሰዳል። ካርልተን ዓመቱን በሦስት ተርም ይከፍለዋል። እያንዳንዱ አስር ሳምንት ነው። ልጁ በአንድ ጊዜ ሦስት ኮርስ ብቻ ይወስዳል። ሦስት ብቻ ሲባል ደስ ይላል፣ ግን ይሮጣል። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሚድተርም ነው። ጉንፋን አንድ ሳምንት ካስተኛችሁ የተርሙ አንድ አስረኛ ሄደ። ማጥናትን ለመጨረሻ ሳምንት የሚያቆይ፣ ፈተና ሲደርስ ሌሊት የሚቸክል ልጅ እዚያ ይቸገራል። ቶሎ የሚሰለች፣ አዲስ ነገር የሚወድ ልጅ ደግሞ ይለመልማል።

ዋናው ነገር ዕረፍቱ ነው። የካርልተን የመጸው ተርም ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ከሚከበረው የአሜሪካ በዓል፣ ከታንክስጊቪንግ፣ በፊት ያልቃል። ትምህርት የሚከፈተው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። ስድስት ሳምንት ገደማ ማለት ነው። ዶርሙ ባዶ ይሆናል። አሜሪካውያኑ ቤታቸው ይሄዳሉ። የናንተ ልጅ የት ይሄዳል? አዲስ አበባ ለመመለስ ትኬቱ ውድ ነው። ደግሞ ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ወጥቶ መመለስ አዲስ ጣጣ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈውን አይታችሁ ወስኑ። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ አክስት ካለች ጥሩ። ከሌለች ኮሌጁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። "በዲሴምበር ዶርም መቆየት እችላለሁ? ካፌው ይከፈታል? ስንት ያስከፍላል?" መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ይሄን ሳልጠይቅ ገብቼ የመጀመሪያውን ዕረፍት አንድ ወር ሙሉ ካፌው ተዘግቶ በኑድልስ አሳልፌያለሁ። ማንም ሆን ብሎ አልበደለኝም። እኔ አልጠየቅኩም፣ እነሱም አልነገሩኝም።

ለሚጾም ልጅ አንድ መልካም ዜና አለ። በእነዚህ ካፌዎች ሥጋም ወተትም የሌለው ምግብ በየቀኑ አለ፤ ቪጋን የሚል ምልክት ይደረግበታል። ሁዳዴን መጾም ይቻላል። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ልጅ ምሳው ሊያልፈው ይችላል። ምግብ ይዞ መውጣት የሚፈቀድ መሆኑን ይጠይቅ። ረመዳንም እንደዚሁ ነው፤ ለስሑር ምን እንደሚያዘጋጁ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ፋሲካ ደግሞ በሴሚስተር ኮሌጅ ብዙ ጊዜ ከማጠቃለያ ፈተና አጠገብ ይወድቃል። ግቢ ጉባኤ የለም፣ ልጁ ራሱ ነው በዓሉን የሚያስታውሰው።

ማን ይምራው?

ትምህርቱን በተመለከተ ግሪኔል ከሁለቱ በጣም ይለያል። ግዴታ የሆነው ኮርስ አንድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የሚወሰድ የንባብና የጽሑፍ ክፍል። ከዚያ ውጭ ልጁ የሜጀሩን መስፈርት እያሟላ የቀረውን ከአማካሪው ጋር ተመካክሮ ይመርጣል። ሒሳብ ካልፈለገ ሒሳብ የለም። ካርልተንና ማካሌስተር ግን ከየዘርፉ የሚወሰዱ ኮርሶች አሏቸው፣ የውጭ ቋንቋም አለበት። አማርኛችሁ ይያዝላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ካርልተን መጨረሻ ላይ ተማሪው ሁሉ "ኮምፕስ" የሚሉትን ትልቅ የማጠቃለያ ሥራ ይሠራል።

ነፃነት ሲባል ሁሉም ሰው ይወዳል። ግን በእውነት እናስብበት። የኛ ሰቃይ ተማሪ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የሰጠውን መጽሐፍ የሸመደደ ልጅ ነው። በአንድ ሌሊት "የፈለግከውን ምረጥ" ሲባል ወይ የሚያውቀውን ብቻ ይመርጣል፣ ወይ ይበተናል። የሚፈልገውን የሚያውቅ፣ መምህር ፊት "አልገባኝም" ለማለት የማያፍር ልጅ ከሆነ ግሪኔል ይስማማዋል። ገና ካልሆነ ካርልተንና ማካሌስተር ቀስ አድርገው ይዘውት ይሄዳሉ።

ትንሽ ኮሌጅ ሳይንስ የለውም ለሚሉ አንድ ታሪክ ልጨምር። ሮበርት ኖይስ በ1949 ከግሪኔል ተመረቀ። ትራንዚስተር ገና ብቅ ባለበት ጊዜ የፊዚክስ መምህሩ ግራንት ጌል ናሙናውን አስመጥቶ ያስተምር ነበር። እዚያች የበቆሎ ከተማ ውስጥ። ኖይስ በኋላ በ1968 የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪውን ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ኮሌጁም ከጅምሩ አክሲዮን ገዛ። ዛሬ ግሪኔል ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተቀማጭ ሀብት አለው። ለተማሪ የሚሰጠው ድጋፍ ጥሩ የሆነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ደብዳቤውን ማንበብ

የእነዚህ ኮሌጆች የዓመት ወጪ ዶርምና ምግብ ጨምሮ ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። አትደንግጡ። ሦስቱም የተቀበሉትን ልጅ ቤተሰቡ መክፈል ከሚችለው በላይ ያለውን ጉድለት እንሞላለን የሚሉ ናቸው። ከውጭ አገር ለሚያመለክት ግን ገንዘብ መጠየቁ ራሱ መግቢያውን ያጠብባል። የውጭ ተማሪን ገንዘቡን ሳያዩ የሚቀበሉ ጥቂት ናቸው፤ ከትናንሾቹ አምኸርስትና ቦውዶይን አሉ። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ደግሞ የትምህርት ክፍያ የሚባል ነገር አያስከፍልም። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ አስር ሰዓት ይሠራል። ሥራ የማያፍር ልጅ ካላችሁ ቤሪያን በደንብ እዩት። አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል የሚማር፣ የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ የሆነ ልጅ ደግሞ ኩዌስትብሪጅ የሚባለውን መንገድ ይሞክር፤ ካርልተንና ግሪኔል አባል ናቸው።

ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ ስታወዳድሩ "ስንት ሰጡን?" አትበሉ። "ስንት ይቀርብናል?" በሉ። የጤና ኢንሹራንስ ውስጡ አለ? ትኬትስ? ክረምቱን፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት፣ የት ይኖራል? ድጋፉ ውስጥ የግቢ ሥራ ተቆጥሮ ከሆነ ያ ገንዘብ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ነው፣ የመጀመሪያ ቀን እጁ ላይ የለም። በተማሪ ቪዛ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ግቢ ውስጥ መሥራት ይፈቀዳል። አስር ሰዓት ይበቃል። ሃያ ሰዓት ሠርቶ ወደ ቤት የሚልክ ልጅ አውቃለሁ፤ ገንዘቡ ደረሰ፣ ውጤቱ ግን ወረደ።

ስለ ብርዱ

ሦስቱም ጋ ይበርዳል። ከዜሮ በታች 20 የሚወርድበት ቀን አለ። ኮፊ አናን ከጋና መጥቶ ማካሌስተር ነው የተማረው፤ በ1961 ተመረቀ። የሚኒሶታ ልጆች ጆሮአቸው ላይ የሚያደርጉትን መሸፈኛ አስቀያሚ ነው ብሎ እምቢ ብሎ ነበር። ጆሮው ሊቀዘቅዝ ሲል ሄዶ ትልቁን ገዛ። አገሩን ከሚኖሩበት ሰዎች በላይ አውቃለሁ ማለት እንደማይገባ የተማረው ያኔ እንደሆነ በኋላ ይናገር ነበር። ከአዲስ አበባ ካፖርት ገዝታችሁ አትላኩ። ጫማውም ካፖርቱም እዚያው ይገዛ። ለዚያ 300 ዶላር ያህል ለብቻው አስቀምጡ።

የአክስቴ ልጅ ሦስት ሳምንት አሰበች። ከሦስቱም ኮሌጅ ተማሪዎች ጋር በቪዲዮ አወራች፣ ጥያቄዎቿን ደብተር ላይ ጻፈች። መጀመሪያ ማካሌስተርን ልትመርጥ ነበር፤ እኔም ልቤ ወደዚያ ነበር። ከዚያ አንዲት የካርልተን ተማሪ ስልኳን ይዛ ያንን የኩኪስ ቤት ከውስጥ አሳየቻት። ሚያዝያ 22 ማታ፣ ለኮሌጆቹ መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻው ቀን ሊገባ ሲል ደወለች። "ካርልተን" አለች። "የስድስቱ ሳምንት ዕረፍትስ?" አልኳት። ቨርጂኒያ ያለችው አክስታችን ጋ ቀድማ ደውላለች። አክስታችን "ክፍሉን ከአሁኑ አጸዳለሁ" ብላታለች። አባቷ ስልኩን ተቀብለው "የመጀመሪያውን ቅዳሜ ደውላ ትንገረኝ" አሉኝ።